ዲንሳን ሳልጠይቅ የሰጠሁት ስም

ባለፈው ወር ከኮበር ወደ ደማም ስመለስ ራካ አካባቢ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩ የአገር ቤት ነበር። መኪናዬን ዳር አስያዝኩና አነሳሁት። «ጋሽ ዘውዴ ነዎት? የዲንሳ ልጅ ነኝ፤ ከቢሾፍቱ» አለች አንዲት ሴት። ድምጿ በጣም የተረጋጋ ነበር። ብዙ ካለቀሱ በኋላ የሚመጣውን እርጋታ ስለማውቀው፣ ቀጥላ የምትለውን ሳትለው ገባኝ። አባቷ ሦስት ቀን ታሞ አርፏል። ቀብሩም አልፏል። «ደማም ላለው ለዘውዴ ንገሪው ብሎኝ ነበር» አለችኝ። ሌላ የላከልኝ ቃል ይኖር እንደሆነ ጠየቅኋት። የለም፤ ንገሪው ብቻ ነው ያለው።

ከዚያ በኋላ መኪናውን ለማስነሳት ጊዜ ወሰደብኝ።

እኔ በሰው በቀላሉ የምደነቅ አይደለሁም። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ፣ ደሴ ውስጥ ልብስ እየሰፋሁ፣ በመጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ፊደል የለየሁ ሰው ነኝ። ሳውዲ ከገባሁ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል። አረብኛውንም ማንም አላስተማረኝም፤ የአሠሪዬ ልጆች ጨርሰው የጣሏቸውን የትምህርት ቤት መጻሕፍት እየሰበሰብኩ ከአንደኛ ክፍሉ ጀምሬ እስከ መጨረሻው ብቻዬን ወጣኋቸው። ዛሬ ካፊሉ ማለትም አሠሪው ያስቸገረው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ኢቃማው የተበላሸበት፣ ማመልከቻ የሚያስፈልገው ሐበሻ ሁሉ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ጠበቃ ጽፎት ያልሠራ ወረቀት እኔ ጽፌው ሠርቷል። በዚህ በምሥራቁ ክፍል ከእኔ የተሻለ አረብኛ የሚጽፍ ሐበሻ አለ የሚል ካለ ይምጣና ይሞክረኝ። ይህን የምጽፈው ለጉራ አይደለም። የዲንሳ ነገር ከዚሁ ከአረብኛዬ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ የሚናገረው ሰው ማን እንደሆነ አንባቢ እንዲያውቅ ብዬ ነው።

አሠሪያችን አል ነኺል ሰፈር፣ ሰፊ ግቢ ያለው ቪላ ውስጥ የሚኖሩ፣ ንግዱን ለልጆቻቸው ትተው ያረፉ ሽማግሌ ናቸው። ባባ እንላቸዋለን፤ ባለቤታቸውን ማዳም። እኔ ሾፌር ነኝ። ምግቡንና ጽዳቱን ያኔ ትርንጎ የምትባል የጎጃም ሴት ትሠራ ነበር። ዲንሳ በአትክልተኝነት የመጣው በፈረንጆቹ 2013 ነው፤ ወረቀት የሌለው ሐበሻ እየተለቀመ ወደ አገሩ በሚሸኝበት ዓመት። ሰው ሁሉ ሲወጣ እሱ ገባ። ኤርፖርት ሄጄ የተቀበልኩት እኔው ነኝ።

ያኔ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ረጅም፣ ከሲታ፣ ከጆሮዎቹ በላይ የሸበተ ሰው ነበር። አንድ ነገር ሲጠይቁት ቶሎ አይመልስም። መጀመሪያ ቀኝ መዳፉን በጭኑ ላይ ይጠርጋል፤ እጁ ንጹሕም ቢሆን ይጠርጋል። ከዚያ ይናገራል። በመኪናው መስኮት ያየውን በረሃ እንዴት እንዳገኘው ስጠይቀው እንዲሁ አድርጎ፣ «ውሃው የት እንዳለ ገና አላየሁም» አለኝ። ሌላው አዲስ መጪ ስለ ደመወዙ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ማዳም ጠባይ ነው የሚጠይቀው።

ውሃውን አገኘው። የደማም ውሃ ጨዋማ ነው፤ ሣር ቢጠጣው ጫፉ ቢጫ ይሆናል፤ ከእሱ በፊት የነበሩት አትክልተኞች ሁሉ በዚህ ተማርረው ሄደዋል። ዲንሳ በሁለተኛው ወር ከቪላው ጀርባ የሚንጠባጠበውን የኤሲ ውሃ ልብ አለ። ያ ውሃ ከአየር የሚወጣ ስለሆነ ጨው የለበትም። ከአንደኛው መስኮት ሥር ባልዲ አኖረ፤ ከባልዲው አጠገብ ከሰሌን ምንጣፍ የማይበልጥ ቦታ ቆፈረና ሣር ተከለ። ያ ሣር የክረምት ሣር መሰለ። እኔ ራሴ ጫማዬን አውልቄ ቆሜበታለሁ። ማዳም እንኳ ስታየው «ማሻአላህ» ብላ ነበር።

ማለዳ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትከር፣ ዲንሳ እዚያው ይቆማል። ከሣሩ አንድ ጭብጥ ይቆርጣል፤ ሥሩን በራሱ በሣሩ ቅጠል ይቋጥራል፤ ባልዲው ውስጥ ነክሮ ወደ ምሥራቅ ፊቱን አዙሮ ይረጫል። ዝቅ ባለ ድምፅ በኦሮምኛ ይናገራል። በሰላም አሳድረኸናል፣ በሰላም አውለን እንደማለት ነው፤ ኦሮምኛም ቢሆን አይጠፋኝም። ሲጨርስ ቋጠሮውን እዚያው መሬት ላይ በቀስታ ያኖረዋል።

እኔ ከክፍሌ በር ሆኜ አየሁት። ምን እያደረግህ ነው ብዬ አልጠየቅሁትም። ለምን እጠይቃለሁ? አወቅሁት። ያንኑ ቀን ጠዋት ለትርንጎ «ይህ ሰውዬ አረማዊ ነው» አልኳት። ቃሉ ከበዳትና እንዳስረዳት ጠየቀችኝ። ማስረዳት ደግሞ እወዳለሁ። አረማዊ ማለት ከሦስቱም መጽሐፍ ውጭ ያለ፣ ከአይሁዱም ከክርስቲያኑም ከእስላሙም ያልሆነ ነው አልኳት። አረመኔ የሚለው ቃል የዚሁ የቅርብ ዘመድ እንደሆነ፣ አንደኛው እምነቱን ሌላኛው ጭካኔውን እንደሚናገር፣ ሰዉ ግን ሁለቱን ለይቶ እንደማያይ ነገርኳት። ባዕድ አምልኮ የሚባለውንም፣ ጣዖት የሚባለውንም ጨመርኩላት። ትርንጎ ሦስት ጊዜ አማተበች። ከዚያ ቀን ጀምራ የእሱን ትሪ ከእኛ ለየች።

ክፉ ሴት አልነበረችም። ምላሷ ግን ስለታም ነው። ምግቡን ደጃፉ ላይ ስታስቀምጥለት፣ «ጋሽ ዲንሳ፣ ዛሬ ደግሞ ለየትኛው ዛፍ ሰገዱ?» ትለዋለች። እሱ መዳፉን ይጠርግና፣ «ለቴምሩ። እሱ ፍሬ ጣለልኝ። አንቺ ምን ጥለሽልኝ ታውቂያለሽ?» ይላታል። ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዙራ ትሄዳለች። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ እየተባባሉ ኖሩ። ተቀይሞ አላየሁትም። ትሪው ለምን እንደተለየ ጠይቆም አያውቅም።

አንድ ጊዜ ችግኝ ልንገዛ ወደ ቀጢፍ ስንሄድ ስለራሱ ሊነግረኝ ጀምሮ ነበር። «እኔ በልጅነቴ ተጠምቄአለሁ። አያቴ ግን» ብሎ ሳይጨርስ እኔ ገባሁበት። ሰሞኑን በስልኬ ያነበብኩት ነገር ስለነበረ እሱን መንገር ፈለግሁ። በፈረንጅ አገር ከክርስትና በፊት የነበረውን የአያቶቻቸውን እምነት መልሰው ያቆሙ ሰዎች አሉ፤ በዓል አላቸው፣ ማኅበር አላቸው፤ ጥንት ቤተ ክርስቲያን እነሱን ለመስደብ የምትጠራበትን፣ እንደኛ አረማዊ ያለውን ስም አንስተው በኩራት የራሳቸው መጠሪያ አድርገውታል፤ ስለዚህ አንተም በዚህ ስም ልታፍር አይገባም አልኩት። ረጅም ንግግር ነበር፤ በደንብም ተናግሬዋለሁ።

ዲንሳ ሰምቶ ሰምቶ ሲያበቃ፣ «እነሱ ስሙን ራሳቸው መረጡት?» አለኝ።

«አዎ።»

«ጥሩ ነው። የመረጡት ስም ነው እንግዲህ» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። አያቱ ምን እንደሆኑ ሳልሰማ ቀረሁ። እኔ ያን ጊዜ በንግግሬ ያሳመንኩት መስሎኝ ነበር።

የምነግራችሁ ቀን በፈረንጆቹ 2016 ነው፤ ዓርብ ነበር። የባባ የልጅ ልጅ፣ አራት ዓመት ያልሞላት ሕፃን፣ ሦስት ቀን ትኩሳት ይዟት ነበር። ኮበር ሐኪም ቤት ወስጃቸው፣ ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቶ በራሱ ጊዜ ይለቃታል ብሎ መልሷቸዋል። ማዳም ግን ሦስት ቀን እንቅልፍ አላየችም። ያን ጠዋት ንጹሕ አየር እንዲገባ የልጅቷን መስኮት ከፍታ ቁልቁል ስታይ፣ ልክ ከመስኮቱ ሥር የተቋጠረ ሣር አየች። አንድ ብቻ አይደለም። የትናንቱም የከትናንት ወዲያውም እዚያው ደርቀው ተቀምጠዋል።

ለማያውቅ ሰው ይህ ምንም ላይመስል ይችላል። በዚህ አገር ግን ከታመመ ሰው መስኮት ሥር የተቋጠረ ነገር ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ሲሕር ይሉታል፤ ድግምት ነው። በድግምት የተከሰሰ ሰው መጨረሻው እስር ቤት ብቻ ላይሆን እንደሚችል፣ ነገሩ አንገት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል፣ እዚህ የሚኖር ሐበሻ ሁሉ ያውቃል። ማዳም ቋጠሮውን በእጇ ሳትነካ በመሐረብ ይዛ መጣች።

ባባ በእንግዳ መቀበያው መጅሊስ ውስጥ ተቀምጠው እኔንና ዲንሳን አስጠሩን። የዲንሳ አረብኛ ከውሃና ከማዳበሪያ የማያልፍ ስለነበረ አስተርጓሚው እኔ ነኝ። እሱ በባዶ እግሩ በሩ አጠገብ ቆመ። ባባ ግን እሱን አልጠየቁም፤ እኔን ነው የጠየቁት።

«ኢቃማው ላይ ክርስቲያን ይላል። ክርስቲያን አውቃለሁ፤ አንተ ክርስቲያን ነህ። ሣር ስትቋጥር አንድ ቀን አላየሁህም። ይህ ሰው ምንድን ነው?»

ስለ ኤሲው ውሃ ልነግራቸው እችል ነበር። ሣሩ እዚያ የበቀለው ጨው የሌለበት ውሃ እዚያ ስለሚንጠባጠብ እንጂ የልጅቷ መስኮት ስለሆነ አይደለም ማለት እችል ነበር። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ነገር ግን የተጠየቅሁት ምንድን ነው ተብዬ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ቃል አለኝ። ከልጆቻቸው የሃይማኖት መጽሐፍ ያገኘሁት፣ ደብተሬ ላይ ከጻፍኩት ዓመታት ያለፉት፣ የምናገርበት አጋጣሚ አጥቼ የኖርኩት ቃል ነው።

«ወሰኒ ነው» አልኩ።

ጣዖት አምላኪ ማለት ነው። ማዳም አፏን በእጇ ያዘች። ባባ ፊታቸው ተለወጠ፤ «የምትለውን ታውቃለህ?» አሉኝ። «አውቃለሁ፤ መጽሐፉ ላይ አለ» አልኳቸው። እውነቱን ልናገርና፣ በዚያች ሰዓት ቃሉን አጥርቼ በመናገሬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ባባ ችኩል ሰው አይደሉም። አል ሙሐመዲያ የሚኖሩ ታላቅ ወንድም አሏቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሃይማኖት ያስተማሩ፣ ኡስታዝ የሚባሉ ሽማግሌ። ከቀትር በኋላው የአሱር ሶላት ሲያበቃ ይመጣሉ፣ እሳቸው አይተው ይወስናሉ፤ ሲሕር ነው ካሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ፖሊስ ይጠራል አሉ። እስከዚያ ዲንሳ ክፍሉ ውስጥ እንዲቆይ፣ ቁልፉን እኔ እንድይዝ አዘዙ።

ግቢውን ስናቋርጥ፣ «ምን አልካቸው?» አለኝ። በአማርኛ ነገርኩት። መዳፉን በጭኑ ላይ ጠረገ። ከፊቴ ቀድሞ ክፍሉ ገባና አልጋው ላይ ተቀመጠ።

ምሳ ሰዓት ላይ ትርንጎ በሩን እንድከፍትላት ጠየቀችኝ። ትሪ ይዛለች። ትሪው ትልቁ፣ እኔና እሷ የምንበላበት ነው። ደጃፍ ላይ አላስቀመጠችውም፤ ገብታ ወለሉ ላይ ዘርግታ ከፊቱ ተቀመጠች። «ይብሉ» አለችው፤ ራሷም ቆርሳ ጎረሰች። ዲንሳ ትሪውን አየ፤ እሷን አየ። «ዛሬ ለየትኛው ዛፍ እንደሰገድኩ ሳትጠይቂኝ?» አላት። ልትስቅ ሞክራ አቃታትና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ መውጫ አሰብኩለት። በዚህ ሥራ የተካንኩ ነኝ፤ ስንቱን ከስንት ነገር በብልሃት አውጥቻለሁ። «ዲንሳ፣ ነገሩ ቀላል ነው» አልኩት። «ተጠምቄአለሁ ብለኸኛል። ኢቃማህም ክርስቲያን ይላል። ክርስቲያን ነኝ በል፤ ሣሩን ለፍየል ነው የቋጠርኩት በል።»

«የምን ፍየል?» አለች ትርንጎ። «በዚህ ግቢ ፍየል አይተው ያውቃሉ እንዴ ጋሼ?»

ዲንሳ ቀስ ብሎ ጎርሶ ከዋጠ በኋላ ነው የመለሰልኝ። «መጠመቄ እውነት ነው። እስከ ሠላሳ ዓመቴ ድረስ ቤተ ክርስቲያን ስሜአለሁ። ከዚያ ወደ አያቴ መንገድ ተመለስኩ። ሚስቴና ልጄ አልተመለሱም፤ አላስገደድኳቸውም። እሑድ እሑድ እስከ ቅጽሩ በር እሸኛቸው ነበር፤ ቅዳሴ እስኪያልቅ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እጠብቃቸው ነበር። ልጄ ትንሽ እያለች፣ አባዬ ሰው ያየናል፣ ዝም ብለህ ግባና ቁም ብላ አልቅሳብኛለች። ሰው የሚጸልይበት ቦታ ላስመስል አልገባም አልኳት። አያ ዘውዴ፣ ለልጄ እንባ ያላልኩትን ዛሬ ለራሴ ብዬ ልበለው?»

«እንግዲያው ያስሩሃል» አልኩት።

«ወሰኒ ያልከኝ አንተ ነህ። ተሳስቼ ነው ብትላቸውስ?»

«አልተሳሳትኩም። ቃሉ ልክ ነው፤ መጽሐፍ ላይ የተጻፈ ነው።»

«መጽሐፉን የጻፈው ሰው ያውቀኛል?»

«አንተን እንዴት ያውቅሃል?»

«አንተስ?» አለኝ። ድምፁ ከፍ አላለም። «ሦስት ዓመት ግድግዳ ለግድግዳ ኖረናል። አንድ ቀን ጠይቀኸኛል?»

ወደ ትርንጎ ዞርኩ፤ የምታግዘኝ መስሎኝ። እሷም ዓይኔን ትክ ብላ አይታ፣ «ትሪውን የለየሁት በእርስዎ ቃል ነው፣ ጋሼ» አለችኝ።

ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ወደ አሱር ሁለት ሰዓት ያህል ይቀር ነበር። ጠየቅሁት። ስሙ ማን ነው ከሚለው ጀመርኩ፤ የሚያመልከው ማለቴ ነው። ሣሩን ለምን እንደሚይዝ፣ ለምን ውሃ ዳር እንደሚቆም፣ አያቱ ምን እንዳስተማሩት፣ ራሳቸውን ምን ብለው እንደሚጠሩ ጠየቅሁት። ዋቄፈታ ይባላሉ። ሲያወራ መዳፉን መጥረግ ረሳ። እኔም ከተናገርኩት ይልቅ የሰማሁበት ብቸኛ ጊዜ ይመስለኛል።

ኡስታዙ በምርኩዝ የሚሄዱ፣ ድምፃቸው ከዕድሜያቸው በላይ የደከመ ሽማግሌ ነበሩ። ቋጠሮውን ከመሐረቡ ላይ በባዶ እጃቸው አነሱት፤ ማዳም ደነገጠች። ፈቱት። ውስጡን አዩ፤ ፀጉር የለ፣ ወረቀት የለ፣ ሣር ብቻ ነው። ከዚያ ዲንሳን ከፊታቸው አስቀምጠው መጠየቅ ጀመሩ፤ እኔም ከራሴ ምንም ሳልጨምር አስተረጎምኩ።

«ሣሩን ይዘህ ስትቆም የምትለምነው ማንን ነው?»

«የፈጠረኝን።»

«ስንት ነው?»

«አንድ ነው። ዋቃ እንለዋለን።»

«ሣሩስ ምን ያደርግልሃል?»

«ሣሩ ምንም አያደርግም። ባዶ እጄን እንዳልቀርብ ነው። እርጥብ የሚሆነው ደግሞ ሕይወት የሰጠኝን በደረቅ ነገር ማመስገን ስለማይገባ ነው።»

«ለምን ቋጠርከው ታዲያ?»

ዲንሳ መዳፉን ጠረገ። «እንዳይበታተን» አለ።

ኡስታዙ ወደ እኔ ዞሩ። ይህ ሰው አንድ ፈጣሪ አለኝ ይላል፣ አንተ ጠዋት ለወንድሜ ወሰኒ ነው ብለሃል፤ ከሁለታችሁ ማንን ልመን አሉኝ። ባባ ያዩኛል። ማዳም ከመጋረጃው አጠገብ ሆና ታየኛለች። ዲንሳ አላየኝም፤ ወለሉን ነው የሚያየው። ልረዳው እንጂ ልጎዳው አልፈለግሁም ማለት ይቻል ነበር። ቃሉ በአንድ በኩል እንዲህ ይፈታል፣ በሌላ በኩል እንዲያ ይፈታል ብዬ ማምለጥም ይቻል ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር አይከብደኝም።

«ማ አዕሪፍ» አልኩ። አላውቅም ማለት ነው። «ቃሉን ያገኘሁት ከልጆቹ መጽሐፍ ነው። እሱን ሳልጠይቅ ነው የተናገርኩት። የጠየቅሁት ዛሬ ከምሳ በኋላ ነው፤ የነገረኝም አሁን ለእርስዎ የነገረዎትን ነው።» ከዚያ ጠዋት መናገር የነበረብኝን ተናገርኩ፤ ስለ ኤሲው ውሃ። ካላመኑኝ ወጥተው እንዲያዩ ለመንኳቸው።

ወጡ። በምርኩዛቸው ቀስ እያሉ ከቪላው ጀርባ ሄዱ፤ እኛም ተከተልናቸው። ባልዲውን አዩ፣ ሣሩን አዩ፣ ወደ ላይ ቀና ብለው ኤሲውን አዩ። መዳፋቸውን ዘርግተው የሚንጠባጠበውን ተቀበሉና ቀመሱት። «ጣፋጭ ነው» አሉ ለወንድማቸው። በጨዋማ አገር ጨው የሌለበት ውሃ ሁሉ ጣፋጭ ነው የሚባለው።

ከዚያ ፍርዳቸውን ሰጡ። «በምን እንደሚያምን አላህ ያውቀዋል። ሳሒር፣ ድግምተኛ ግን አይደለም። ፖሊስ አይጠራም።» ወደ እኔም ቀረብ ብለው፣ ሌላው በማይሰማው ድምፅ፣ «ያን መጽሐፍ ሠላሳ ዓመት አስተምሬበታለሁ» አሉኝ። «ወሰኒ ከሚላቸው ሰዎች አንዱን እንኳ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። አንተ ከጎንህ አለ ብለህ ታምናለህ፤ ግን አንድ ቃል እንኳ ሳትጠይቀው ቀረህ።»

ልጅቷ በማግስቱ ተሽሏት ተነሳች። ማዳም ግን ፍርሃቱ አልለቀቃትም። ባየሁት ቋጠሮ ሁሉ ውስጥ ያ ቃል ይታየኛል አለች ለባባ፤ የሰማችው ቃል ከጆሮዋ አልወጣም። ባባም ዲንሳን ጠርተው፣ የመውጫ ፈቃድህን ኹሩጅ አወጣልሃለሁ፣ በክብር ወደ አገርህ ትገባለህ አሉት። እስር ቤቱ ቀረለት፤ ሥራው ግን ከእጁ ሄደ። ያባረረው ሣሩ ሳይሆን የእኔ ቃል ነው ብል አላጋነንኩም። ዲንሳ በቀሩት ቀናት ግቢውን እንደ ወትሮው አጠጣ። ማለዳም እዚያው ቆሞ አመሰገነ፤ ማዳምን እንዳያስፈራት ግን ሣሩን ሳይቋጥር በመዳፉ ብቻ ይዞት ነበር።

ኤርፖርት ያደረስኩት እኔ ነኝ። ከፊት ወንበር አጠገቤ ተቀመጠ። ለካፊል፣ ለባል፣ ለሚስት፣ ለወላጅ ስንት የይቅርታ ደብዳቤ የጻፍኩ ሰው ነኝ፤ አንብቦ ያላለቀሰ የለም። ለራሴ ግን አንድ መስመር አጣሁ። ከደማም እስከ ኤርፖርቱ ያለውን በረሃ ግማሹን ሄድን።

በመጨረሻ፣ «ዲንሳ፣ ሰዎች ስላንተ ይጠይቁኛል» አልኩት። «እንግዲህ የምሳሳትበት ምክንያት የለም። ትክክለኛውን ቃል አንተ ንገረኝና እሱን ልንገራቸው። ምን ነበር ልበል?»

«ዲንሳ ነበር በላቸው» አለኝ። «የቀረውን መጥተው ይጠይቁኝ። ቤቴ ከአስፋልቱ ሩቅ አይደለም።»

ሻንጣውን ከእጄ ተቀብሎ፣ ትከሻዬን በትከሻው ነክቶ ገባ። ዞር ብሎም አላየም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ያ አትክልተኛ ምን ነበር ይሉኛል፤ አረማዊ ነው ወይስ ምን ነው ይሉኛል። ቢሾፍቱ ስትሄዱ ቤቱ ከአስፋልቱ ሩቅ አይደለም፣ ሄዳችሁ ጠይቁት እያልኩ ስመልስ ኖሬአለሁ። አንድም የሄደ አልሰማሁም። አሁን ቢሄዱም አያገኙትም። እኔም ብሆን የጠየቅሁት ያን ዓርብ ከምሳ እስከ አሱር ነው፤ ስለ ዲንሳ የማውቀው ያችኑ ያህል ነው።